መኪናው የዋለበትን ንገሩን

ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለአማራ ክልል የትራንስፖርት ዘርፍ ኃላፊዎች
ለመድን ድርጅቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች የኋላ ታሪክ ለገዥ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከነፋስ መውጫ ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው፣ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ‹‹የቻይና መንገድ›› የሚሉት መስመር ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ እኛ ዘንድ የሚደርስ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ከእኛ በፊት ሌላ ጌታ ነበረው። የላይ ጋይንትን ድንች ወደ ባሕር ዳር የሚያወርደው አይሱዙ፣ ከነፋስ መውጫ አርብ ገበያ የሚመላለሰው ሚኒባስ፣ ስማዳ ወገዳ ድረስ የሚዘልቀው ቅጥቅጥ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ ለሠርግ የምትከራየው ኮሮላ፣ ሁሉም አዲስ አበባ ወይ አዳማ ወይ ባሕር ዳር ወጣትነታቸውን ጨርሰው የመጡ ናቸው። አዲስ መኪና ከነላስቲኩ የሚገዛ ነጋዴ በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም ቢፈለግ በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ለእኛ የመኪና ገበያ ማለት ያገለገለ መኪና ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ደግሞ ትልቁን ዋጋ የሚወስነው ዓይን የማያየው ነገር ነው። ቀለም ይታያል፣ ጎማ ይታያል፣ የወንበር ልብስ ይታያል። የማይታየው መኪናው የዋለበት ነው። ተገልብጦ ያውቃል? ሞተሩ ወርዷል? ታክሲ ነበር ወይስ የቤት መኪና? የሚያሳየው ኪሎሜትር የሄደው ነው ወይስ የተመለሰ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዞ እንደ ሊብሬ ገዥ እጅ የሚገባ ወረቀት የለንም። ይኑረን ነው የምለው።

ሊብሬውን ገልጠን እንየው። የባለቤቱ ስም አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የሞተር ቁጥር አለ፣ የተሠራበት ዘመን፣ ቀለሙ፣ የመጫን አቅሙ አለ። የመኪናውን ልደት ይናገራል፤ ኑሮውን ግን አይናገርም። በየዓመቱ መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ቦሎም ቢሆን ‹‹በዚህ ዓመት ተመርምሮ አልፏል›› ከማለት ውጭ አምና ምን እንደነበረ ለገዥ የሚነግረው የለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እያንዳንዱ መኪና በዓመት አንድ ጊዜ መርማሪ ፊት እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። በዓመት አንድ ጊዜ! ይህ ሁሉ ምርመራ የት ነው የሚጠራቀመው? ገዥው ለምን አያገኘውም? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ወረቀቱ በሌለበት ሰው ምን ያደርጋል? በእጁና በጆሮው ይመረምራል። አንድ ቅዳሜ ጧት እዚሁ አስፋልት ዳር አንድ አይሱዙ ሲሸጥ ቆሜ አይቻለሁ። ገዥው ከደብረ ታቦር መካኒክ ይዞ መጥቷል። መካኒኩ መጀመሪያ ያደረገው ሞተሩን በመዳፉ መንካት ነበር፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት እንደሆነ ለማወቅ። በጉና ተራራ ብርድ ያደረ ናፍጣ ሞተር ጧት በአንድ ቁልፍ ከተነሳ ጤነኛ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ብልጥ ሻጭ ከንጋቱ በፊት አስነስቶ ያሞቀዋል። ቀጥሎ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት አወጣ። በጋቢናው ጎን፣ በበሩ ሥር፣ በምሰሶው ላይ ቀስ እያለ አስኬዳት። ብረት ላይ ትጣበቃለች፤ ስቱኮ ላይ ስትደርስ ትወድቃለች። ከግራው በር በታች ወደቀች። መካኒኩ ምንም አልተናገረም፤ ገዥውን ብቻ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጭሱን አየ፣ ባሌስትራውን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ የበሩን ጎማ ስቦ የፋብሪካውን ብየዳ ፈለገ። ደላላው ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር፤ ‹‹እጁ አንድ ነው፣ ጋሼ! ይኼ መኪና እጁ አንድ ነው!›› ሊብሬው ላይ ግን የሦስት ሰው ስም ነበረበት።

የማግኔቷን ጥበብ አደንቃለሁ። ግን ማግኔት ስለ ኪሎሜትር አታውቅም፤ ስቱኮው የበር ጭረት የሸፈነ ይሁን ሰው የሞተበት አደጋ የሸፈነ ይሁን አትለይም። ደህና መካኒክ ይዞ መምጣት የሚችለውም ገንዘብና ትውውቅ ያለው ብቻ ነው። ከወገዳ አዲስ አበባ ወርዶ የሚገዛ ሰው ያን ዕለት ያገኘውን መካኒክ ይይዛል፤ ያ መካኒክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደላላው የጠራለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ችግር በከብት ገበያ ፈትተውት ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል፤ ጥርስ ዕድሜን አይዋሽም። ሻጩ የማይታወቅ ሰው ከሆነ ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱ እንስሳዋ የማን እንደነበረች፣ የት እንደዋለች፣ ትራገጥ እንደሆነ ያውቃል፣ ነገር ቢመጣም ይጠየቅበታል። መኪና ከበቅሎ መቶ እጥፍ እየተሸጠ ጥርሱ የማይታይ፣ ዋስ የማይጠራበት ንብረት ሆኗል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እሱ ነውና። ብዙ ሰው የመኪና ታሪክ መደበቅ የሚጎዳው ገዥን ብቻ ይመስለዋል። እኔ ከገዥ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሐቀኛው ሻጭ ነው። አርብ ገበያ የማውቀው አንድ የአይሱዙ ባለቤት አለ። መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ደብተር ይዟል። ዘይት የቀየረበት ቀንና ኪሎሜትር፣ ፍሪሲዮን የተቀየረበት፣ ጎማ የገባበት፣ ካምቢዮ የተከፈተበት፣ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪቢቶ ተጽፏል፤ ደረሰኙ በስፒል ተያይዟል። ሊሸጥ ባሕር ዳር ወረደ። ገዥው ደብተሩን ተቀብሎ ሁለት ገጽ ገልጦ መለሰለት። ‹‹ወንድሜ፣ ይኼን ማንም ይጽፈዋል›› አለው። ቀጥሎም ከየት እንደመጣ ጠይቆ፣ ‹‹ደግሞ የጋይንት መኪና ነው፤ ኮረኮንች የበላው›› ብሎ ዋጋውን ቀነሰበት። ያ ሰው ለዓመታት ያወጣው የጥንቃቄ ወጪ በገበያው ላይ አንድ ብር አላመጣለትም። ከጎኑ የቆመው፣ ዘይት ሳይቀየርለት የከረመው፣ ትናንት የተቀባው አይሱዙ በዚያው ዋጋ ተጠራ።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ያስረዳል። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ገበያ ነው። ገዥ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ‹‹በዚህስ አልሸጥም›› ብሎ ከገበያው ይወጣል። መጥፎ ያለው ደስ ብሎት ይሸጣል። የቀረው መጥፎ ስለበዛ ገዥው ዋጋውን የበለጠ ይቀንሳል፤ እንዲህ እያለ ገበያው ይበላሻል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ አንዱ ምክንያት ይህ ጽሑፍ ነበር። እኛ አገር ንድፈ ሐሳቡን በተግባር ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ጋይንት ውስጥ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ለአማቹ፣ ለአጎቱ ልጅ፣ ለማኅበር ወንድሙ ይሸጣል። ደላላ ዘንድ የሚሄደው ዘመድ የማይገዛው ነው። ዘመድ የሌለው ገዥ ግን ከዚያው ገበያ ይገዛል።

ከገዥ ወገን ደግሞ ይህን ስሙ። አንድ የስማዳ ወጣት እህቱ ከቤሩት በላከችው፣ አባቱ በሬ ሸጠው በጨመሩለት፣ ዕቁብ ባወጣበት ገንዘብ ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ገዝቶ መጣ። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ለብሷል፣ ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው። ሰፈሩ ሁሉ መርቆ ተቀበለው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የፊት ጎማ በአንድ በኩል እየበላ አስቸገረ። አላይመንት እያስተካከለ፣ ጎማ እየቀየረ፣ ደጋግሞ ጋራዥ ገባ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በያጅ መኪናው ሥር ገብቶ ጥቁሩን ቅብ በመሮ ፋቀው። ሻንሲው ከመሀል ተቆርጦ ተቀጥሏል። ሽማግሌው እየተንፏቀቀ ወጥቶ አቧራውን አራገፈና፣ ‹‹ልጄ፣ ይኼ ተገልብጦ ያውቃል›› አለው። ወጣቱ ያን መኪና አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ በየገደሉ አፋፍ ሲያስኬደው ነበር የከረመው። ዛሬ ሊሸጠው ይፈልጋል። እውነቱን ተናግሮ ቢሸጥ የአባቱን በሬም የእህቱን ላብም ያጣል፤ ዝም ብሎ ቢሸጥ የተደረገበትን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ያደርጋል። በዚህ መንታ መንገድ ላይ ያቆመው ሥርዓት ነው፤ እሱን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም።

እንዲህ ያለው መኪና ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ሁሉም የሚያውቀው፣ በጋዜጣ የሚወጣ ነው። የመድን ድርጅቶች ከባድ አደጋ የደረሰባቸውን ተሽከርካሪዎች ካሳ ከከፈሉ በኋላ በጨረታ ይሸጣሉ። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ነውርም የለበትም። ብረት አይጣልም፤ እኛ ጨፍልቀን የምንጥል ባለጸጋ አይደለንም። ነውሩ ከጨረታው በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ተጫራቹ መኪናውን ወስዶ ይበይዳል፣ ስቱኮ ይለቀልቃል፣ ይቀባል፣ ቦሎ ያስወጣል፣ ከዚያም ‹‹ያልተነካ›› ብሎ ይሸጠዋል። መድን ድርጅቱ መኪናው እንደወደመ ያውቃል። ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን አንስቷል። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ግን ስሙን ለአዲሱ ባለቤት ሲያዛውር ያንን የሚያስታውስ ነገር ፋይሉ ላይ አያኖርም። ሦስት ተቋም እያወቀ አንድ ገዥ አያውቅም።

ሁለተኛው ምንጭ የኮድ ለውጥ ነው። ቀዩ የታክሲ ኮድ 1፣ አረንጓዴው የንግድ ኮድ 3፣ ሰማያዊው የቤት መኪና ኮድ 2 እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ሰሌዳው ሲቀየር ትዝታውም አብሮ ይፈታል። ዓመታት ታክሲ ሆና ሌት ተቀን የሠራች መኪና ሰማያዊ ሰሌዳ ለጥፋ ‹‹የሐኪም መኪና ናት፣ ከቤት ሆስፒታል ብቻ›› ተብላ ትሸጣለች። (ደላሎቻችን እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ የዚህ አገር ሐኪም ሁሉ በየሳምንቱ መኪና ይሸጣል።)

ሦስተኛው ውክልና ነው፤ በዚህ ላይ እኛም ባለቤቶቹ ንጹሕ አይደለንም። ስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡን፣ እስከ ዞንና እስከ ክልል ከተማ ያለውን ምልልስ ለመሸሽ ብዙ መኪና በውክልና ብቻ ይሸጣል። ሊብሬው የመጀመሪያውን ሰው ስም እንደያዘ መኪናው አራተኛ እጅ ይገባል። ወካዩ የሞተ ዕለት ውክልናው ይሞታል፤ ወራሾች ይመጣሉ፤ ክርክር ይነሳል። ‹‹ባለ ውክልና ነው›› የተባለ መኪና ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፤ መውረድም አለበት። ግን ስም ማዛወር ቀላልና ርካሽ ቢሆን ኖሮ ከሰነዱ ጋር አብሮ ታሪኩም ባልጠፋ ነበር።

እነዚህ ነገሮች ድሮም ነበሩ፤ ዛሬ ለምን አስጨነቁህ ትሉኝ ይሆናል። ዋጋው ነው ያስጨነቀኝ። በሌላው ዓለም መኪና በተነዳ ቁጥር ይረክሳል። እኛ ዘንድ በብር ሲታይ ይወደዳል፤ ሰው መኪናን እንደ ወርቅ ገንዘብ ማቆያ ያደርገዋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ አውቶሞቢል ለማስገባት የሚጠየቀው ኤክሳይዝ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዳቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ተናገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፖሊሲዎቹን ደግነትና ክፋት እዚህ አላነሳም። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል፣ በዞረ ቁጥርም የአንድ ቤተሰብን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ይዞ ይዞራል። የመኪናው ዋጋ ሲጨምር የውሸቱም ዋጋ አብሮ ጨምሯል። ኪሎሜትር የሚመልስ ሰው ድሮ ለጥቂት ሺህ ብር ነበር የሚዋሸው፤ አሁን ለመቶ ሺዎች ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ሲያረጅና እኛ ዘንድ ሲመጣ የባትሪው ዕድሜ ሌላ የሚደበቅ ነገር ሆኖ ይመጣል፤ ባትሪን ደግሞ ማግኔት አይለየውም።

የሌላው አገር ሰው ምን አደረገ? ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ሰው ደውሎ ይጠይቅ፤ እዚያ ያለ ኢትዮጵያዊ ያገለገለ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚያነሳው ‹‹ካርፋክሱን አይተኸዋል?›› የሚለውን ነው። ካርፋክስ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ የግል ድርጅት ነው፤ በሻንሲ ቁጥሩ አደጋውን፣ የባለቤቶቹን ብዛት፣ የጥገናውን መዝገብ አውጥቶ ይሸጣል። እንግሊዝ ውስጥ የዓመታዊ ምርመራውን ውጤት መንግሥት ራሱ ለሁሉም በነፃ ከፍቶታል፤ የሰሌዳ ቁጥር ያስገባ ሰው መኪናው በየዓመቱ ስንት ማይል ላይ እንደተመረመረ፣ በምን እንደወደቀ ያያል። ለእኛ በጣም ይመቻል የምለው ግን የቤልጅየም ነው። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ‹‹ካር ፓስ›› የተባለ የኪሎሜትር ማስረጃ ለገዥ እንዲሰጥ በሕግ አስገደደች። መኪናው ጋራዥ ወይም ምርመራ በገባ ቁጥር ኪሎሜትሩ ወደ አንድ ቋት ይላካል፤ ማስረጃው ካልተሰጠ ገዥው ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ኪሎሜትር መመለስ የተለመደ ንግድ በነበረበት አገር ሥራው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ተአምር አልሠሩም፤ ቁጥር ጻፉ፣ የጻፉትንም አሳዩ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋን ሁሉ ከፍ አያደርግም። ይለያል። ንጹሑ ይወደዳል፣ የተጎዳው ይረክሳል። በዚህ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። አደጋ ደርሶበት በደህና ጋራዥ በደንብ ያስጠገነ ሰውም መዝገቡ ላይ ‹‹አደጋ›› የሚለው ቃል ስላለ ብቻ ዋጋ ይቀነስበታል፤ በአሜሪካም ይህ ቅሬታ አለ፣ እውነትም ነው። መድኃኒቱ አደጋውን መደበቅ ሳይሆን ጥገናውንም አብሮ መመዝገብ ነው። ደግሞም መዝገብ ያልተነገረውን አያውቅም። አደጋው ለፖሊስ ሳይነገር ተሸማግለው ከተለያዩ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ማግኔቷ ከኪስ አትወጣም እያልኩ አይደለም፤ መካኒኩም ሥራ አይፈታም።

ከአገሬ ሰው የምሰማው ሌላ ስጋት ‹‹ታሪኩ ከወጣ የእኛ መኪና ጭራሽ ማን ይገዛዋል?›› የሚል ነው። በኮረኮንች የሠራ፣ ዳገት የበላው መኪና መሆኑ ይታወቅብናል ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። መሀል አገር ያለ ገዥ ‹‹አማ›› ሰሌዳ አይቶ ዛሬም ዋጋ ይቀንሳል፤ ሳያይ ነው የሚቀንሰው። ከነፋስ መውጫ ባሕር ዳር በሳምንት ጥቂት ጊዜ የሚመላለስ የድንች መኪና የሚሄደው ኪሎሜትር አዲስ አበባና ጅቡቲ ከሚመላለሰው ጋር አይወዳደርም። በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ መኪኖቻችን ለሳምንታት ቆመው ይከርማሉ። ይህ ሁሉ ቁጥር ቢጻፍልን የሚጠቅመው እኛን ነው። አሁን እየከፈልን ያለነው የሐሜት ዋጋ ነው፤ የአርብ ገበያው ሰው ደብተር ማኅተም ቢኖረው ኖሮ ገዥው ‹‹ማንም ይጽፈዋል›› ሊለው አይችልም ነበር።

‹‹ገንዘብና ቴክኖሎጂ የለንም›› የሚል መልስ እንዳትሰጡን አደራ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የታለመለት የነዳጅ ድጎማ ሲተገበር የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችን በሰሌዳ ቁጥራቸው መዝግባችሁ ከቴሌብር ጋር አገናኝታችኋል። በሚንቀሳቀስ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መኪና በብድር መያዙ የሚታወቅበትን መዝገብ በብሔራዊ ባንክ ሥር አቋቁሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት እንደሚጠየቅ ከደነገገ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕጉ አለ፣ ቋቱ አለ፣ ስልኩ በየኪሱ አለ። የስማዳው ወጣት ቢከስ እንኳ ፍርድ ቤት ‹‹መገልበጡን በምን ታስረዳለህ? ሻጩስ ማወቁን?›› ይለዋል። የጎደለው ማስረጃው ነው፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ እናንተ ዘንድ ነው። በወረቀት ብቻ ስለሚቀመጥ ፋይል ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ በነሐሴ 2013 ጦርነት ነፋስ መውጫ የገባ ጊዜ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ ካዝና ምን ያህል እንደሚታመን ሁላችንም አይተናል።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ መርማሪው የመኪናውን ኪሎሜትር አንብቦ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ወደ አንድ አገር አቀፍ ቋት ያስገባ፤ ከአምናው ያነሰ ቁጥር ሲመጣ ቋቱ ራሱ ይጩህ። መኪናው ሳይቀርብ ቦሎ ይወጣል የሚባለውን ወሬ ማጥፋትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ፎቶግራፍ የሌለው ምርመራ እንዳልተመረመረ ይቆጠር። መድን ድርጅቶች በወደመ መኪና ላይ ካሳ ሲከፍሉ፣ ለጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ለመዝጋቢው ያስታውቁ፤ ይህም በሊብሬው ላይ ይስፈር። የኮድ ለውጥም እንዲሁ። በውክልና የተንጠለጠሉትን መኪኖች ስም ለማዞር ለተወሰነ ጊዜ የተቀነሰ ክፍያ ይፈቀድ፤ አገልግሎቱም እስከ ወረዳ ይውረድ፤ የወገዳ ሰው ለአንድ ፊርማ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር አይንከራተት።

መልሱ ደግሞ ስማርት ስልክ ለሌለው ሰውም ይድረስ። ሰሌዳ ወይም ሻንሲ ቁጥር በአጭር መልእክት ልኮ በአማርኛ ሦስት መስመር ማግኘት ይበቃዋል፤ የሄደው ኪሎሜትር፣ የደረሰበት ከባድ አደጋ፣ ዕዳና እግድ እንዳለበት። የባለቤቶቹ ስም አይውጣ፤ ማንም ሰው መኪና ስለነበረው ብቻ ስሙ በገበያ ሊዞር አይገባም። ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሰውየው አልጠየቅንም።

ለአገሬ ባለንብረቶችም አንድ ቃል አለኝ። መሥሪያ ቤቶቹ እስኪነቁ ድረስ ደብተር ያዙ፤ ደረሰኝ አትጣሉ፤ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር የጋራዡን ማኅተም አስመቱበት። በውክልና አትግዙ። የመድን ጨረታ መኪና ከገዛችሁ ጨረታ መሆኑን ተናግራችሁ ሽጡ፤ በቅናሽ ገዝታችኋል፣ በቅናሽ ሽጡ።

ለእናንተ ለኃላፊዎቹ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አድርጉት አልልም። ከመጪው የቦሎ ምርመራ ጀምሮ ኪሎሜትሩ ይጻፍ፤ የተጻፈውንም ገዥ ይየው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። መልሳችሁን በይፋ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
ነፋስ መውጫ፣ ላይ ጋይንት